ቤት ያልመታ ቃለ ጉባኤ

የቅዳሜ ውሎ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣
አዘዞ መጋዘን፣ በሰሊጥ ጆንያ ጥላ፣
ሰማንያ ሰው ቆሟል፤ ወንበሩ አሥራ አንድ ነው፤
ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ደብተሩም የእኔው።
አጀንዳ፦ አንድ ብቻ። የቤት ኪራይ ነገር።
ሌላው ሁሉ ይደር፤ ይሄ ነው የማያሳድር።

ደንቡ ‹የተወሰነውን ጻፍ፣ የተባለውን ተው› ይላል፤
የተባለው ግን እንደ ሰሊጥ ገለባ ዐይኔን ይቆረቁራል።

ፈንታነሽ ተነሣች፤ ማበጠሪያ ሁለት፣
ብልኮ፣ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ወንፊት።
«ለኅዳር ጨመሩ። ለፋሲካ ጨመሩ።
አሁን ‹ልጄ ሊያገባ ነው፣ ልቀቂ› ማለት ጀመሩ።
ልጃቸውን እኮ ዐውቀዋለሁ፤
ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሠርጉን ድስት እኔ ነኝ ያጠብሁ!»
ሳቅን። ሳቃችን ጣራው ጋ ደርሶ ተመለሰ፣
የፈንታነሽ ዐይን ግን ዝም ብሎ ፈሰሰ።

ሙሐባ ከአዲስ ዓለም፦
«ሁለት ነው ያልኋቸው፤ አራት ናቸው የወለድኋቸው፤
በሩ ሲንኳኳ፣ ሁለቱን ከአልጋ ሥር ነው የምከታቸው።
ትንሹ ሳሉን ያውቅበታል፣ አፉን በትራስ አፍኖ፣
አምስት ዓመት ሳይሞላው የገዛ ቤቱ ደባል ሆኖ።»
ጻፍሁ፦ ‹አባሏ የመኖሪያ ቤት ችግር እንዳለባት ገለጸች›፤
ሰረዝሁት፤ ብዕሬ አፈረች።

እዚህ ከተማ ነው፣ ነጋሽ በነገሠ ቍጥር
የአባቱን ግንብ ትቶ የራሱን በኖራ ሲያሳምር፤
ዛሬ ባዶ ናቸው፤ ዘበኛ አላቸው፣ ትኬትም ይቆረጣል፤
ሰው የሌለበት ቤት ሲጠበቅ፣ ቤት የሌለው ሰው ይባረራል።

አጉማስ፣ የጫኝ አውራጅ ተወካይ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣
«ሥራ እናቁም!» አለ። ግማሹ አጨበጨበ። ግማሹ የወሩን ኪራይ ቈጠረ፣ ፈራ።
ሊቀመንበሯ ገብያነሽ ጠረጴዛ አልደበደበችም፤
«እኛ ብንቆም» አለች፣ «ኪራይዋ አብራን አትቆምም።»

ተወሰነ፦ ከየደመወዙ መቶ ሃምሳ ብር ይቆረጥ፤
ሃያ አራት ሰው ይደራጅ፣ ለመሬት ዕጣ ማዘጋጃ ቤት ይሩጥ።
ተወሰነ፦ ድርጅቱ የቤት አበል በኅብረት ስምምነቱ ይጨምር፤
ተወሰነ፦ ‹ልቀቅ› የተባለ አባል ብቻውን በር ላይ አይደር።
ሽማግሌ ይላክ፤ ሦስት ሰው፣ ነጠላ አጣፍቶ፣
ልጅ ሊጠይቅ ሳይሆን፣ የክፍል ዕድሜ ሊለምን፣ አንገት ደፍቶ።

እሑድ ሄድን ብልኮ። የፈንታነሽ አከራይ፣ ወይዘሮ የሻረግ፣
«ግቡ» አሉን፤ ወንበር የለም፤ ተቀመጥን በየጥጋጥግ።
አጉማስ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እሳቸው ከሣጥን አንድ ካርድ አወጡ፤
ጠርዙ የተበላ፣ የማኅበራችን ማኅተም ያለበት፤ ለአጉማስ ሰጡ።
የአባል ቍጥር ሠላሳ አንድ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰሊጥ አበጥረዋል፤
«ጡረታዬ» አሉ፣ «ዘይት ሱቅ ገብቶ፣ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል።
ኪራዩ ነው ደመወዜ። እናንተስ ምን ትሉኛላችሁ?
ከእሷ ካልወሰድሁ፣ ለእኔ ማን ይከፍላል ከመካከላችሁ?»
የምንለው ጠፋን። ሁለት መቶ ቀነሱ፤ እኛ ጣራቸውን ልንጠግን፤
‹ስማቸው ወደ መዝገብ ይመለስ› ብዬ ጻፍሁ፣ ማንንም ሳልለምን።

በግጥም ሕግ፣ ስንኝ ሁሉ ቤት አለው፤
መድረሻው ላይ ጎረቤቱን ጠብቆ የሚያገኘው።
ይህን ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ፣ እኔም ቤት ስመታ አመሸሁ፣
ሁለት ሁለት አድርጌ ሁሉንም አስጠለልሁ።
ሃያ አራት ስም ሞላ። ፊርማም ተደረገ።
መብራት አጥፍቼ ስወጣ፣ በሩ ሥር አንድ ሰው እጅ ነስቶ አደገደገ፤
ይርጋ ነው፣ በኮንትራት ያለ፣ አባል ያልሆነ፣
‹የሌሊት ጥበቃ ነኝ› እያለ ቤት ማጣቱን የሸፈነ።
«ሃያ አምስተኛ አይቻልም?» አለ። ደንቡ አይልም፤ ዐውቃለሁ።
ደብተሩን ጕልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ከፊርማው በታች እጽፋለሁ፦

ሃያ አምስተኛ፣ ይርጋ አስናቀው። አድራሻ፦ ገና።